ቁልፍ ትቼ በቺፕ በር መክፈት፦ ከወራት በኋላ

የቤቴን በር በቺፕ መክፈት ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መቆለፊያው የራሴ ነው። ካርድ ወይም የቁልፍ መያዣ ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ፕላስቲክ ጠጋ ሲደረግለት ይከፍታል። የሕንጻው ዋና በርም እንዲሁ ነው የሚሠራው፤ እሱ ግን የአስተዳደሩ ነው። ሁለቱንም በየቀኑ ስለምጠቀም የምጽፈውም ስለ ሁለቱም ነው።

ምቾቱ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። እጄ በዕቃ ተይዞ ስመጣ ቦርሳዬን ጠጋ አደርጋለሁ፣ ጢጥ ይላል፣ እገባለሁ። ቺፕ ሲጠፋ ቁልፍ መቀየር የለም፤ የጠፋውን ከመቆለፊያው ላይ መሰረዝ ነው። ባትሪ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል አስቀድሞ ይጮኻል። ችላ ብትሉት እንኳ ከሥሩ የስልክ ቻርጀር መሰኪያ አለው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፦ የባንክ ካርድና የበር ካርድ አንድ ላይ ሲሆኑ አንባቢው (በሩ ላይ ያለው ቺፑን የሚያነብ መሣሪያ) ይወዛገባል፣ አንዱን ማውጣት ግድ ይላል። የኋላ ኪሴ ውስጥ የከረመ አንድ ካርድም ሞቶብኛል።

የሞተውን ካርድ በስልክ መብራት ፊት ይዤ አየሁት። ዳር ዳሩን ደጋግሞ የዞረ በጣም ቀጭን ሽቦ አለ። ጫፉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትታያለች፤ ቺፑ እሷ ናት። በቃ፣ ሌላ የለም። ባትሪም ጂፒኤስም የለውም። አንባቢው የሚፈጥረው መግነጢሳዊ መስክ ሽቦው ላይ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያስነሳል። ቺፑ በዚያ ይነቃና መለያ ቁጥሩን ይናገራል፤ ከአንባቢው ሲርቅ ይተኛል። የእኔ ካርድ ሽቦው ከቺፑ ጋር የተጋጠመበት ቦታ ላይ በመተጣጠፍ ብዛት ተበጥሷል። ሐሳቡ ራሱ የቆየ ነው። ቻርልስ ዋልተን የተባለ አሜሪካዊ በ1973 በሬዲዮ ሞገድ በር ለሚከፍት ካርድ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አግኝቷል (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

ቁጥሩን የሚናገረው ለማን ነው? ርካሾቹ፣ በ125 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ድግግሞሽ የሚሠሩት፣ ለጠየቃቸው አንባቢ ሁሉ ይለፈልፋሉ። ማን ነህ ማለት የለም፣ ምስጠራም፣ ማለትም መረጃውን በሚስጥር ኮድ መቆለፍም፣ የለም። የሕንጻችን ቺፕ ከነዚህ ነው። መጠባበቂያ ላሠራ ቁልፍ የሚቀርጽ ሰው ዘንድ ወስጄው ነበር። ሰውየው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ላይ ቺፑን አስጠግቶ አንድ ነገር ተጫነ። ከዚያ ባዶ ቺፕ አስጠግቶ ሌላ ተጫነ። "ጨርሰናል" አለኝ፣ እኔ ገንዘቡን ቆጥሬ ሳልጨርስ። ቺፑ የማን እንደሆነ እንኳ አልጠየቀኝም።

በ13.56 ሜጋኸርዝ የሚሠሩት ይሻላሉ፤ ግን ሁሉም አይደሉም። በ1994 ገበያ ላይ የዋለውን ማይፌር ክላሲክ የተባለውን ቺፕ ውሰዱ። በ2008 የኔዘርላንዱ ራድባውድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምስጠራው እንዴት እንደሚሰበር አሳዩ። አምራቹ ኤንኤክስፒ ጽሑፉ እንዳይታተም ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልተሳካለትም። ቺፑ ግን ዛሬም ከየበሩ አልጠፋም። ስለዚህ መቆለፊያ ስትገዙ ሻጩን "ኤኢኤስ ምስጠራ አለው ወይ?" በሉት፤ ኤኢኤስ ጠንካራ የሚባል የምስጠራ ዓይነት ነው። ዓይኑን ካፈጠጠባችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

ይህ ሁሉ ስለ ሌባ ነው። እኔን ይበልጥ የከነከነኝ ግን ከበሩ ጀርባ ያለው መዝገብ ነው።

አንድ ቀን ኮሪደር ላይ ስለሚፈሰው ውሃ ላመለክት አስተዳደሩ ቢሮ ገባሁ። ሠራተኛው ኮምፒውተሩን እያየ፣ "ቅዳሜ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው የገቡት አይደል? ያኔ ውሃው ይፈስ ነበር?" አለኝ። ክፋት የለውም፣ ሊረዳኝ ነው። እኔ ግን ክው አልኩ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደገባሁ እኔ ራሴ ረስቼዋለሁ። መዝገቡ መቼ እንደሚሰረዝ ስጠይቀው ትንሽ አሰብ አደረገና፣ "ኮምፒውተሩ ሲሞላ መሰለኝ" አለ።

ብዙ ሰው ቺፑ ራሱ በከተማው ሁሉ የሚከታተለው ይመስለዋል። አይችልም፤ የበር ካርድ የሚነበበው ከጥቂት ሳንቲሜትር ነው። ግን በር ላይ መነበቡ ይበቃል። ስንት ሰዓት እንደወጣችሁ፣ መቼ እንደተመለሳችሁ፣ የትኛውን ሌሊት ውጭ እንዳደራችሁ ከዚያ ይታወቃል። በሩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ደግሞ አለቃችሁ ምሳ ስንት ደቂቃ እንደፈጀባችሁ ያውቃል። ሞገዱ ጤና ይጎዳል አይጎዳም እያልን ስንከራከር መዝገቡን ማንም አያነሳውም።

የራሴ መቆለፊያም ቢሆን ንጹሕ አይደለም። ኢንተርኔት የማይፈልግ መርጬ ነው የገዛሁት፤ ሆኖም ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱን ቺፕ ስሰጥ ማን መቼ እንደከፈተ ይይዛል። ታናሽ እህቴ ቺፗን ስትቀበል ያለችኝ የመጀመሪያ ነገር፣ "ስንት ሰዓት እንደገባሁ ታያለህ ማለት ነው?" ነው። ልክ ናት። እሷ አጠገቤ ቆማ እያየች ምዝገባውን አጠፋሁት። ማጥፋት የማይቻልበት መቆለፊያ ቢሆን ኖሮ እመልሰው ነበር።

እናቴ ደግሞ መዝገብ አያሳስባትም። "ያንን ነገር ደረት ኪስህ ውስጥ አትያዘው፣ ጨረር አለው" ትላለች። ካርዱ ኪስ ውስጥ እያለ የሚረጨው ነገር የለም፤ ተኝቷል። ሞገዱ የሚመጣው ከአንባቢው ነው። እሱም ደካማ ነው፣ ትንሽ ራቅ ሲሉ ወዲያው ይጠፋል፣ እንደ ኤክስሬይ ሴል ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤ የመስበር ኃይልም የለውም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2011 የሬዲዮ ሞገድን በጠቅላላ 2ቢ በሚባለው፣ "ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል" በሚለው ምድብ ውስጥ መክተቱ እውነት ነው። መነሻው ግን በዋናነት ሞባይል ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ለዓመታት ብዙ የሚያወሩ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ነው። በር ላይ የአንድ ሰከንድ ጢጥታ ሌላ ነገር ነው።

የምር የሚያሳስበው የልብ ምት ማስተካከያ፣ ፔስሜከር፣ የተገጠመለትን ሰው ነው። በ2010 የታተመ የላብራቶሪ ሙከራ አንባቢዎች ፔስሜከርን ሊያውኩ እንደሚችሉ አሳይቷል፤ እንደ 125 ኪሎኸርዝ ባለ ዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሠሩት ደግሞ የባሱ ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ካርዱን አስነብቦ ይለፍ እንጂ አንባቢው ላይ ደረቱን አስደግፎ ወሬ አይጀምር። ሐኪሙንም ይጠይቅ።

እጅ ውስጥ ስለሚቀበረው ቺፕም ይጠይቁኛል። የብሪታንያው ፕሮፌሰር ኬቨን ዋርዊክ በ1998 ክንዱ ውስጥ አስቀብሮ በሮችን ከፍቶበታል። በ2017 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ስሪ ስኩዌር ማርኬት የተባለ ድርጅት ለፈቃደኛ ሠራተኞቹ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቺፕ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል አስወግቷል። ፈቃደኛ የሚለውን ልብ በሉ፤ ግዛቲቱ ሰውን አስገድዶ ቺፕ ማስቀበርን በሕግ ከከለከለች ያኔ ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ላይ የእናቴ ስጋት ቦታ አለው። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ቺፑም ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ኤምአርአይ (በኃይለኛ ማግኔት የሚደረግ የውስጥ አካል ምርመራ) ሲታዘዝም ጣጣ አለው። በላብራቶሪ አይጦች ላይ ቺፑ በተቀበረበት አካባቢ ዕጢ የታየባቸው ጥናቶችም አሉ። እኔ አላደርገውም። ካርዱን ሲያሰኘኝ ቤት ትቼው እወጣለሁ፣ ቁጥሩ ከተቀዳ ቆርጬ እጥለዋለሁ። እጅ ግን አይጣልም።

የራሴን መቆለፊያ ድጋሚ ግዛ ብባል እገዛዋለሁ። የብረት ቁልፉንም ለክፉ ቀን እህቴና እኔ ይዘነዋል። የዋናው በር ጉዳይ ግን አልተቋጨም። ከጎረቤቶች ጋር ሆነን መዝገቡ ከ30 ቀን በኋላ እንዲሰረዝ፣ ማን እንደሚያየውም በጽሑፍ እንዲነገረን ለአስተዳደሩ ደብዳቤ አስገብተናል። ውሃውን ጠግነውታል፤ ለደብዳቤው ገና መልስ አልሰጡንም።