በጣና ዳር ካለ የችግኝ ጣቢያ ጽጌረዳ፣ ቲማቲምና የበርበሬ ችግኝ ስለ መግዛት

በባሕር ዳር ከሐይቁ ዳርቻ ብዙም በማይርቅ ስፍራ የሚገኘውን ይህን የችግኝ ጣቢያ የምገመግመው በአንድ መለኪያ ነው፤ ይኸውም ችግኙ ከጣቢያው ወጥቶ የገዢው ጓሮ እስኪደርስ ድረስ ስሩና ግንዱ ሳይቆስል መቆየቱ ነው። የቅጠል ልምላሜ በትንሽ ዩሪያ ሊመጣ ይችላል። የቆሰለ ተክል ግን በአፈር ውስጥ ያሉ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ለይተው የሚያውቋቸውን ኬሚካሎች ይለቃል፤ ብዙ ገዢዎች ችግኙ ከተተከለ በኋላ በውሃ እጥረት ደረቀ የሚሉትም አንዳንዴ በዚህ መንገድ የገባ በሽታ ነው።

ጣቢያው ከሁሉ የላቀ ሥራ የሚሠራው በጽጌረዳ ላይ ነው። የአንዱን ጽጌረዳ ቡቃያ ቆርጣ ከሌላው ግንድ ጋር በማጣበቅ የምታዳቅለው ሠራተኛ ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ስትሸጋገር ቢላዋዋን በአልኮል ትጠርጋለች፣ የተቆረጠውን ቦታ ወዲያው በላስቲክ አጥብቃ ትጠቀልላለች፣ ችግኞቹም ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ ስለሚቀመጡ ቁስሉ አፈር አይነካውም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በአፈር ውስጥ የሚኖረውንና በጽጌረዳ ግንድ ስር እባጭ የሚያወጣውን አግሮባክቴሪየም ቱመፋሲየንስ የተባለ ባክቴሪያ ለመከላከል ነው።

የተቆረጠ ግንድ ቁስሉን ሊጠግን ሲሞክር ፌኖል የተባሉ ውህዶችን ያመነጫል፤ ከእነዚህ ዋነኛው በ1985 እ.ኤ.አ. ተለይቶ የታወቀው አሴቶሲሪንጎን ነው። በባክቴሪያው ሽፋን ላይ የሚገኘው ቪር-ኤ የተባለ ፕሮቲን ይህን ውህድ ሲያገኝ መልእክቱን በፎስፌት አማካይነት ቪር-ጂ ወደተባለው ሌላ ፕሮቲን ያስተላልፋል፣ እሱም እስከዚያ ድረስ ተኝተው የነበሩትን የወረራ ጂኖች ያስነሳል። ከቁስሉ የሚፈስ ስኳርና የአካባቢው አሲዳማነት ምልክቱን የበለጠ ያጠነክሩታል፤ በመሆኑም ባክቴሪያው አጠገቡ ተክል መኖሩን ብቻ ሳይሆን ተክሉ መቁሰሉን ጭምር ያውቃል ማለት ይቻላል። ከዚያም የዲኤንኤውን ቁራጭ ወደ ተክሉ ሴል ያስገባል፣ ተክሉም የእድገት ሆርሞን ያለልክ እያመረተ ያብጣል፣ አልፎም ለባክቴሪያው ኦፓይን የተባለ ምግብ ያዘጋጅለታል። ተክል ለጠላቱ ቀለብ እንዲሰፍር የሚገደድበት ይህ አሠራር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የቪር-ኤ ሥራ ይስተጓጎላል፤ ሆኖም የባሕር ዳር አየር አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በታች ስለሆነ በሙቀት መተማመን አይቻልም፣ የሚያዋጣው የሠራተኛዋ አልኮልና ላስቲክ ነው።

የቲማቲም ችግኞቹም የሚመሰገኑ ናቸው። እያንዳንዱ በራሱ ትንሽ ላስቲክ ውስጥ ያደገ በመሆኑ ስሩ ከነአፈሩ ይወጣል፤ ሻጩም «ጋሼ፣ ላስቲኩን ራስዎ ቀድደው ይዩት» ብሎ አንዱን ሰጥቶኝ ነጫጭ የስር ጫፎቹን ሳይበጠሱ አይቻለሁ። ቲማቲምን፣ ድንችንና በርበሬን የሚያጠወልገው ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የተባለ ባክቴሪያ ስር የሚያንጠባጥባቸውን አሚኖ አሲዶችና ሌሎች አሲዶች እየተከተለ በአፈር ውሃ ውስጥ ይዋኛል። በ2006 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ይህን የመከተል ችሎታ ያጡ ባክቴሪያዎች በአፈር በኩል ሲሰጡ በሽታ የማምጣት አቅማቸው ቀንሷል፤ በቀጥታ ግንድ ውስጥ ሲገቡ ግን እንደ ጤነኞቹ ተክሉን አጠውልገዋል። ይህ ማለት ወሳኙ ደረጃ ስሩን ፈልጎ ማግኘት ነው። ስሩን ከነካ በኋላም ፒአርኤች-ኤ በተባለ ምልክት ተቀባይ ፕሮቲን የሴሉን ግድግዳ ለይቶ ማጥቂያውን ያዘጋጃል፣ በውሃ ቧንቧዎቹ ውስጥ ተባዝቶም ይዘጋቸዋል። ጣቢያው የጠወለገ ችግኝ ሲመለስለት ግንዱን ቆርጦ በጠራ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ያንጠለጥለዋል፤ በሽታው ራልስቶኒያ ከሆነ ወተት የመሰለ ክር ከቁራጩ ቁልቁል ሲወርድ ገዢው በዓይኑ ያያል። ይህን ያህል ግልጽነት ከሻጭ አግኝቼ አላውቅም።

በበርበሬ ችግኝ ግን ጣቢያው ከራሱ ደረጃ ወርዷል። በርበሬው በመደብ ላይ ተዘርቶ ገዢ ሲመጣ ይነቀላል፣ በእስር ታስሮም ስሩ ተራቁቶ ይሸጣል፤ ሲነቀል ጥቃቅኖቹ ስሮች ተበጥሰው መደቡ ላይ ይቀራሉ። እንዲህ የቆሰለ ችግኝ ከሐይቁ በፓምፕ ውሃ በሚጠጣና ቀድሞ ድንች ወይም ቲማቲም በነበረበት ማሳ ላይ ሲተከል፣ ለራልስቶኒያ ምልክቱንም መግቢያውንም አንድ ላይ ይሰጠዋል። ጉዳዩን ያነሳሁላቸው ኃላፊ በርበሬ በብዛት ስለሚፈለግ በላስቲክ ማሳደጉ ዋጋውን እንደሚያንረው በትሕትና ገልጸውልኛል። ምክንያታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ዋጋው ትንሽ ጨምሮም ቢሆን በላስቲክ ያደገ በርበሬ የሚፈልግ ገዢ ስለማይጠፋ፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ቢያቀርቡ እመርጣለሁ። እስከዚያው ከዚህ ጣቢያ ጽጌረዳና ቲማቲም እገዛለሁ፣ በርበሬውን ግን ዘሩን ገዝቼ በጓሮዬ በላስቲክ አፈላዋለሁ።