ለ«አዞ ገበያ የፎቶ ጉዞ» ቀብድ ከመላካችሁ በፊት

ቻሞ ሐይቅ ላይ አዞ ፎቶ ለማንሳት ያሰባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። እኔና ጓደኛዬ ተሸውደናል።

ማስታወቂያውን ያየነው ቴሌግራም ላይ ነው። ሁለት ቀን አርባ ምንጭ፣ ጀልባ፣ የፓርክ መግቢያ፣ ስካውት (የፓርክ ጠባቂ)፣ «ከባለሙያ ፎቶ አንሺ ጋር» ይላል። በሰው 9,000 ብር። ግማሹን ቀብድ ላክን። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ስትደርሱ ይሰጣችኋል» ተባልን። እዚህ ጋ መንቃት ነበረብን።

እንዲያውም ከዚያም በፊት። ማስታወቂያው ላይ አዞው ወንዝ መሀል አንቆ የያዘው ዊልደቢስት የሚባለውን ሣር በል የዱር እንስሳ ነው። ዊልደቢስት ደግሞ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም! ኬንያ ማራ ወንዝ ላይ የሚነሳ ዓይነት ፎቶ ነው። እኔ ያየሁት ጥርሱን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን የት ወሰዱን መሰላችሁ? አዞ እርባታው። ለጉብኝት ጥሩ ነው፤ ግን በግንብ የታጠረ አዞ የዱር ፎቶ አይሆንም። ባለሙያ የተባለው ልጅም የያዘው ስልኩን ነው።

በማግስቱ ጀልባ ላይ የወጣነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት። አዞ ጠዋት ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል። ቦታው «አዞ ገበያ» የተባለውም አዞው ሐይቁ ዳር ላይ ተሰብስቦ ስለሚተኛ ነው እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር ኖሮ አይደለም። ሙቀቱ ሲበረታ ብዙው ወደ ውሃው ይመለሳል። በዚያ ላይ ከሰዓት ንፋስ ተነሳ። በምትናጥ ጀልባ ላይ ሩቁን በሚያቀርብ ረጅም ሌንስ (400 ሚሊ ሜትር) ማንሳት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ለስድስት ሰው ሁለት ላይፍ ጃኬት። ስካውት የለም። ከሁሉ የባሰው ግን ጀልባ ነጂው ነው። «ጉርሻ ካለ አስጠጋችኋለሁ» አለና አራት ሜትር የሚሆን አዞ አጠገብ ወስዶን ውሃውን በመቅዘፊያ መታው። አፉን እንዲከፍትልን ነው አሉ! አዞ ዳር ላይ አፉን ከፍቶ የሚተኛው ሙቀት ለማስወጣት ነው። ሲያስደነግጡት ወደ ውሃው ይወረወራል፤ ውሃው ላይ ያለነው ደግሞ እኛ ነን። ተወርውሮ በጀልባዋ ስር አለፈ። ትንሽ ቆይቶ ከኋላችን ጉማሬ ብቅ አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ከአዞው ይበልጥ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ጉማሬ ጀልባ ይገለብጣል።

የምትሄዱ ከሆነ የፓርኩን መግቢያ ራሳችሁ ከፍላችሁ ደረሰኝ ያዙ። ጀልባውን እዚያው ሐይቁ ዳር ተነጋገሩ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጃኬቱን ቁጠሩ። በጠዋት ውጡ። ሌንሳችሁ አጭር ከሆነ ተከራዩ እንጂ «ጠጋ በል» አትበሉ።

እኛ ቀሪውን ግማሽ የከፈልነው ገና ሳንሳፈር ነው። ስንመለስ ደወልን፣ ስልኩ አይነሳም። ማስታወቂያው ግን አሁንም አለ። ዊልደቢስቱም እንደታነቀ ነው።