ዘንጉ ይቅርልኝ፣ ማጠንጠኛውን ውሰዱልኝ

ይህን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ክር ከሚጠቀልልበት ማጠንጠኛው ጋር በቴሌግራም አዝዤ የገዛሁት ክረምት ሳይገባ ነው፤ አሁን ጥር ላይ ነን። ስለ ዘንጉ ብዙ አላወራም። ቀላል ነው፣ ለሁለት ይፈታል፣ ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚሄደው ሚኒባስ ጉልበቴ ሥር ስለሚገባ ረዳቱ የዕቃ ሒሳብ አይጠይቀኝም። ሆዴን ያሳረረችው የሽንብራ ፍሬ የምታህል አንዲት ክፍል ናት።

ማጠንጠኛው ላይ ክሩን እየመራ የሚጠቀልል የሽቦ ቅስት አለ። ክሩ የሚያልፈው በቅስቱ ጫፍ ባለችው ትንሽ ሮለር ላይ ነው። እጀታውን ስናዞር እሷም አብራ መዞር አለባት። የእኔዋ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደረቀች። ክሩ እየተፋተገባት ይከርራል፤ የከረረ ክር ላላ ሲል ራሱ ላይ ይጠማዘዛል፤ በሚቀጥለው ውርወራ ብዙ ዙር ባንዴ ተፈናጥሮ ይወጣና ማንም የማይፈታው ቋጠሮ ይሆናል። መቀስ ይዞ ዓሣ ማጥመድ የጀመርኩት ያኔ ነው።

«ታዲያ ይቺ ምን አላት?» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ሣጥኑ ላይ ላርጅማውዝ ባስ የሚባለው ዓሣ አፉን ከፍቶ ሲዘል ተሥሏል፤ «ለገላጣ ውሃ ነው፣ ሩቅ ይወረውራል» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፤ ገላጣ ማለት ዓሣ የሚሸሸግበት ሣርም ግንድም የሌለው ውሃ ነው። ባስ እኛ ሐይቅ ውስጥ የለም። እኔ እስከማውቀው ቅርባችን ያለው ኬንያ፣ ናይቫሻ ሐይቅ ነው፤ እዚያም ቢሆን በ1920ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ መጥቶ የተጨመረ ነው። የእኛ ሐይቅ ቆሮሶም ቢሆን በ1970 ዓ.ም. ገደማ የገባ እንግዳ ነው። ግን የባስ አጥማጆች ዘዴ ለአምባዛ ሠርቶልኛል። ባስ አድብቶ የሚያጠቃ ዓሣ ነው፤ ሣርና የወደቀ ግንድ ካገኘ እዚያው ይሸሸጋል። መሸሸጊያ ሲያጣ የውሃው ወለል ድንገት ወደሚያዘቀዝቅበት ይወርዳል፣ ድንጋይ ሥር ይጠጋል፣ ወይም ትናንሽ ዓሦችን ተከትሎ ይዞራል። አጥማጁ ከዳር ራቅ ብሎ ይቆማል፣ ቀጭን ክር ይጠቀማል፣ አርቆ ይወረውራል፣ ወለል ለወለል ቀስ እያለ ይስባል። እኔ የምቆምበት ዳርቻም ከድንጋይ በቀር ሣርም ዛፍም የለውም። ሐይቃችን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ስለሆነ ቁልቁለቱ ሩቅ አይደለም፤ ግን በአጭር ውርወራ አይደረስበትም።

በሣር መካከል አሥር ሜትር እየወረወረ የሚያጠምድ ሰው የሮለሯን ጉድለት ዓመት ሙሉ ላያውቀው ይችላል። ገላጣ ውሃ ላይ ግን ያለ ርቀት ምንም የለም፤ ርቀቱን የምትነጥቀኝ ደግሞ እሷው ናት። ለገላጣ ውሃ ተብሎ የተሸጠ ዕቃ የሚበላሸው ገላጣ ውሃ ላይ ብቻ ነው። ምን ዓይነት ንግድ ነው?

ሻጩ ጋር ደወልኩ። «ጋሼ፣ ክሩ ነው፤ ወፈር ያለ ይግዙ» አለኝ። ወፍራም ክር ሩቅ አይሄድማ! ለማንኛውም ክሩን ቀየርኩ፣ ያው ነው። «ማባበያው ውሃ ውስጥ እየዞረ ይሆናል የሚያከርረው» አለ፤ ዓሣ ለማታለል ክሩ ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ሰው ሠራሽ ምግብ ማለቱ ነው። በራሱ የሚዞር መጋጠሚያ አስገባሁ፤ እሱም ሳይበቃኝ ማባበያውን ትቼ እርሳስና ትል ብቻ ወረወርኩ። ያው ነው። «ክር አብዝተው ሞልተውት ይሆናል።» አልሞላሁም። «እስቲ ፎቶ ይላኩልኝ» አለ፤ ላክሁ፤ አየው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ።

በመጨረሻ ፒያሳ ወዳለ ሰዓት ሠሪ ወሰድኩት። ፈትቶ አሳየኝ፦ ሣጥኑ ላይ ኩሽኔታ አለው የተባለው ሮለር ውስጥ ያለው የላስቲክ ቀለበትና ሮለሯ የምትዞርበት በወጉ ያልተሞረደ ትንሽ እንዝርት ነው። «ይሄን የሠራው ሰው ዓሣ በልቶ አያውቅም» አለ። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ አደረገበት። ሮለሯ ዞረች።

በዚያው ሰሞን ከቁልቁለቱ ጫፍ ትልቅ አምባዛ ያዝኩ። ዘንጉ ጎበጠ እንጂ አልተሰነጠቀም፣ የማጠንጠኛው ፍሬንም ያዘ፤ እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ዕቃውን ወድጄው ነበር። ጊዜው የገና ጾም ስለነበር ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚለው የቤታችን ክርክር እንደገና ተነሣ፤ እኔ አልገባሁበትም። ከዚያ የዳርቻው አቧራ ገባና ሮለሯ እንደገና ደረቀች። አሁን የዘይቱን ብልቃጥ ኪሴ ይዤ ነው የምሄደው።

ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ሳትከፍሉ በፊት ክር በሮለሯ ላይ አሳልፉና ሳብ አድርጉ፤ ካልዞረች አስቀምጡት። ሻጩ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ሲሠራበት ይላላል» ይላችኋል። አይላላም። ዘንጉን በምንም አልለውጠውም። ማጠንጠኛውን ግን ሣር ባለበት ውሃ የሚያጠምድ ሰው ካለ በግማሽ ዋጋ ይውሰደው፤ ጉድለቱን ነግሬ ነው የምሸጠው፣ እኔ እንደነሱ አይደለሁም።