ለኪልት ስፌት ሥልጠና ባሕር ዳር ላይ የትኛው ቤት ይሻላል? የሆቴል አዳራሽ፣ የስፌት ወርክሾፕ እና የእድር ቤት

ፍርዱን ከፊት እናስቀምጠው። አሥር ሰልጣኝ፣ አንድ አሰልጣኝና አምስት ቀን ላለው የኪልት ስፌት ሥልጠና አንደኛ የምናደርገው የልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ወርክሾፕን ነው። ሁለተኛው የእድር ቤት ነው፤ ይህ ብዙ ሰው ይገርመዋል። የሆቴል የስብሰባ አዳራሽ ሦስተኛ ነው፤ ወንበሩ ቢያምርም፣ ጣና በመስኮቱ ቢታይም።

ምክንያቱ ከልብሱ ይጀምራል። ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች ከወገብ እስከ ጉልበት የሚታጠቁት የሱፍ ሽንሽን ነው። የጎጃም ልብስ ሰፊ ሽንሽን ቀሚስን አሳምሮ ያውቃል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ጨርቁን በክር ሰብስቦ ወገብ ላይ መያዝ ነው። ኪልት አይሰበሰብም። እያንዳንዱ እጥፋት ተለክቶ፣ ከዳሌ ወደ ወገብ እየጠበበ፣ በእጅ ይሰፋል። ለአንድ ሰው 7 ሜትር ከ30 ገደማ ጨርቅ ይሄዳል። የጨርቁ ስፋት 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 3 ሜትር ከ65 ተገዝቶ በቁመቱ ለሁለት ይሰነጠቅና ይቀጠላል፤ መጋጠሚያው እጥፋት ውስጥ ይደበቃል። የታችኛው ጫፍ አይዘመዘምም፤ ፋብሪካው ራሱ የዘጋው የጨርቅ ጠርዝ እንዳለ ይታያል። ስለዚህ ከታች አሳጥሮ ማረም የሚባል ነገር የለም።

ወገቡ 80፣ ዳሌው 100 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሰው እንውሰድ። ከዳሌው 46ቱ ለፊቱ ጠፍጣፋ ክፍል ሄዶ 54ቱ ለኋላው ሽንሽን ቢቀር፣ 27 እጥፋት እያንዳንዱ ዳሌ ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ይታያል። ወገብ ላይ ለኋላው የሚደርሰው 40 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ያው እጥፋት ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር መጥበብ አለበት ማለት ነው። በእያንዳንዱ እጥፋት አንዲት ሚሊ ሜትር የሳተ ሰው መጨረሻ ላይ ወገቡን 27 ሚሊ ሜትር ያዛባዋል። ያን ጊዜ ዘለበቱ ቢጠብቅም ልብሱ ከሰውየው ላይ ይንሸራተታል፣ ወይም ጭራሽ አይደርስለትም። ይቺን ሚሊ ሜትር የምታድናት ደግሞ የሰፊው እጅ ብቻ አይደለችም፤ ጠረጴዛው፣ ብርሃኑና ካውያው ናቸው። ቤት ሲመረጥ መታየት ያለበትም ይኸው ነው።

ከሆቴሉ እንጀምር፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ስለሆነ። የሆቴል አዳራሽ የተሠራው ለሚያዳምጥና ማስታወሻ ለሚይዝ ሰው ነው። ጠረጴዛው ክብ ነው ወይም ጠባብ ነው፤ ላዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ለብሷል። ሱፍ በዚያ ጨርቅ ላይ ይንሸራተታል፤ በስፒል የተያዘ እጥፋት ሰውየው ክንዱን ባሳረፈ ቁጥር ይላወሳል። ጨርቁን አንሱት ብትሉ ከሥሩ ብዙ ጊዜ ያልተላገ ኮምፔርሳቶ ይወጣል፤ እሱ ደግሞ የሱፉን ክር ይመዝዛል። ወለሉ ምንጣፍ ከሆነ የወደቀ ስፒልና መርፌ አይገኝም፤ በማግስቱ በባዶ እግሩ የሚራመድ ልጅ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ብርሃኑ ነው። የሆቴል አምፖል ቢጫና ለስላሳ ነው፤ ለእራት ያምራል፣ ለስፌት አይሆንም። ታርታን የሚባሉት፣ በቁምና በአግድም የሚተላለፍ ባለ ቀለም መስመር ያላቸው የስኮትላንድ የኪልት ጨርቆች፣ ብዙዎቹ ጠቆር ያሉ ናቸው፤ ብላክ ዎች የሚባለው ለምሳሌ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ ብቻ ነው። በቢጫ ብርሃን ሦስቱም አንድ ይሆናሉ። እጥፋት የሚታጠፈው ደግሞ የንድፉን መስመር ተከትሎ ነው፤ መስመሩ ካልታየ ሜትር ብቻውን አያድንም። መፈተኛው ቀላል ነው። አዳራሹን ልታዩ ስትሄዱ ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ክር በኪሳችሁ ያዙ። ሥልጠናው በሚቆምበት ሰዓት፣ ማለትም ከቀኑ 11 ሰዓት አካባቢ፣ መጋረጃውን ገልጣችሁ መብራቱንም አብርታችሁ ሁለቱን ክሮች ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ለዩ። ካልተለዩ ሂሳብ ከመጠየቃችሁ በፊት አመስግናችሁ ውጡ። በጠዋት ሄዶ ማየት አያዋጣም፤ በጠዋት ሁሉም አዳራሽ ብሩህ ነው።

ሌላው ማታ ማስለቀቅ ነው። ኪልት ልምድ ላለው እጅ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ለጀማሪ እጥፍ አድርጉት። አምስት ቀን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ የእያንዳንዱ ሰልጣኝ ሽንሽን በኋላ በሚነቀል ሰፊ ስፌት ተይዞ፣ ግማሹ ተሰፍቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ሆቴሉ ለእራት ግብዣ አንሱ ካለ አሥር ሰው አሥር ሽንሽን ጠቅልሎ ያነሳል፤ ጠዋት ሲዘረጋ የተወሰነው እጥፋት ቦታውን ለቋል፣ ግማሽ ቀን እሱን በማስተካከል ያልቃል። በጥር ከጥምቀት በኋላና ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ሳምንታት ሰርግ ስለሚበዛ ይህ የሚያጋጥም ነገር ነው። «ለአምስት ሌሊት ተቆልፎ ይቆያል» የሚለው በውሉ ላይ ካልተጻፈ የቃል ተስፋ አይበቃም። ዋጋውም 15 በመቶውን ቫት ይጨምር አይጨምር፣ የሌሊቱ ኪራይ ተለይቶ ይታሰብ እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

የሆቴልን በጎ ነገር መካድ ተገቢ አይደለም። ጀነሬተር አለው፣ መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ምሳ ለመብላት ባጃጅ መያዝ አያሻም። ለአንድ ቀን ትምህርት፣ ማለትም በአቡጀዲ ላይ አምስት ስድስት እጥፋት ለመለማመድ ብቻ ከሆነ ይበቃል። አቡጀዲ ነጭ ስለሆነ ቢጫ መብራቱም አይጎዳውም።

ወደ ወርክሾፑ እንምጣ። ባሕር ዳር በዚህ በኩል ዕድለኛ ከተማ ናት። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፤ በ1963 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ፖሊቴክኒክም የጨርቃ ጨርቅ ሙያ ያስተማረ ነው፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ኢንስቲትዩት አለው። ስለዚህ የስፌት ማሠልጠኛ ክፍል ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በከተማዋ አይጠፋም። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ የመቁረጫ ጠረጴዛ ይኖራል፤ እሱ ነው ዋናው ሀብት። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 1 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠረጴዛ ላይ 3 ሜትር ከ65ቱ ጨርቅ ሳይታጠፍ ይዘረጋል፤ ሰውም ሳይጎብጥ ይቆርጣል። ከፍታው 72 ብቻ ከሆነ ከየእግሩ ሥር አንድ አንድ ብሎኬት ማስገባት ነው፤ የብሎኬት ቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ልኩ ይመጣል። የብሎኬቱ ቀዳዳ ወደ ላይ ከሆነ የጠረጴዛው እግር ስለሚሰምጥ ጣውላ ጣል አድርጉበት።

ኤሌክትሪኩም እዚህ ይሻላል። አንድ የእንፋሎት ካውያ 2000 ዋት ይስባል እንበል፤ በ220 ቮልት 9 አምፔር ማለት ነው። በ16 አምፔር ብሬከር ላይ ሁለት ካውያ ከሰካችሁ 18 አለፈ፤ ይወርዳል። አሥር ሰው ከሦስት ባላነሰ ካውያ መሥራት ስላለበት ሦስት የተለያየ መስመር ያስፈልጋል፤ ወርክሾፕ ይህን ያሟላል፣ ተራ አዳራሽ ብዙ ጊዜ አያሟላም። በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ሦስቱን መሰካት ብሬከሩን ብቻ ሳይሆን ገመዱንም ያቀልጣል። ሶኬቶቹ በአንድ ብሬከር ሥር መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ አንዱን ብሬከር አውርዶ የትኛው ሶኬት እንደጠፋ ማየት በቂ ነው። ጥበቃውን አስፈቅዳችሁ አድርጉት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወርክሾፕ ግን ነውር አያጣውም። መቀመጫው ሁሉ በስፌት መኪና ተይዟል፤ የእጅ ስፌት ጠረጴዛ ባዶ መሆን አለበት። መኪናዎቹ በብሎን የታሰሩ ከሆነ ሌላ ጠረጴዛ ከውጭ ማምጣት ግድ ነው። የመኪና ዘይት ጠብታ ሱፍ ላይ ካረፈ አይለቅም፤ ነጭ አቡጀዲ አርጥባችሁ ጠረጴዛውን ሁሉ ጥረጉና አቡጀዲው ቢጫ ወይም ጥቁር ከሆነ ጠረጴዛውን በሳሙና አሳጥቡት። የጥጥ ብናኝም ጠቆር ያለ ሱፍ ላይ እንደ አመድ ይታያል፤ ከሥልጠናው አንድ ቀን በፊት ይጠረግ። ደብዳቤው ደግሞ ጊዜ ይበላል። የትብብር ደብዳቤ ገብቶ፣ ተመርቶ፣ ቁልፍ ያዡ ዘንድ እስኪደርስ ሳምንታት ያስኬዳል፤ ቁልፍ ያዡ ቅዳሜና እሑድ ይምጣ አይምጣ ለብቻው ጠይቁ።

የእድር ቤት ለምን ሁለተኛ ወጣ? ጠረጴዛውና አግዳሚ ወንበሩ ረጅም፣ ቀጥ ያለና ጠንካራ ስለሆነ። ሁለት ጠረጴዛ አጋጥሞ ላዩን በአቡጀዲ ወጥሮ ቢያስሩት ለሱፍ የሚስማማ፣ የማያንሸራትት ወለል ይወጣል። ቤቱም ሰፊ ነው። ለአሥር ሰልጣኝ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ 4 ካሬ፣ ለመቁረጫው ዙሪያውን መዞሪያ ጨምሮ 20፣ የቀረው ለካውያው። አሰልጣኙ ከሰልጣኙ ጀርባ እንዲያልፍ 90 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ ይተው፤ የእጅ ስፌት ከትከሻ በላይ ታይቶ ነው የሚታረመው። ግቢው ካለ ቀለም የመለየቱን ሥራ በቀን ብርሃን ደጅ ማከናወን ይቻላል። ኪራዩም ከሦስቱ ቀላሉ ነው።

ችግሩ ሶኬት ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ብታገኙ ነው። እዚህ ላይ የከሰል ካውያን አትናቁ። ሱፍ ላይ ካውያ አይጎተትም፤ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎበት ይጫናል፣ ይነሳል፣ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ለዚህ የከሰሉ ካውያ ክብደት ይረዳል። የሚጎዳው ፍንጣሪና አመዱ ነው፤ ከሰሉ ደጅ በደንብ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ ይግባ፣ የካውያው ቀዳዳ ከጨርቁ በተቃራኒ ይዙር። ማረፊያው የታጠፈ ብርድ ልብስ ላዩ አቡጀዲ ቢሆን ይበቃል። ጣሪያው ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ በክረምት ዝናብ ሲወርድ የአሰልጣኙ ድምፅ አይሰማም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም አትሞክሩት። በዚያ ወቅት ሱፉም እርጥበት ስለሚይዝ የተጫነው እጥፋት ስለት አይዝም።

ቡና በየትኛውም ቤት ቢሆን ከሥራው ክፍል ውጭ ይፈላ። ሱፍ ሽታ ይስባል፤ የእጣኑና የቡናው ጭስ የገባበት ጨርቅ ለሳምንታት አይለቀውም። እርጥብ ቄጤማ ወለል ላይ ከተጎዘጎዘ ደግሞ ወደ መሬት የወረደው የጨርቅ ጫፍ አረንጓዴ ይነክራል። ፈንዲሻ የበላ እጅ ታጥቦ ይመለስ።

ጊዜን በተመለከተ ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ያለው ጾመ ነቢያት ከሁሉ ይመቻል፤ ሰርግ የለም፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ብርሃኑ እስከ ማታ ይቆያል። ሁዳዴም አዳራሽ አያሳጣም፤ ነገር ግን የሚጾም ሰልጣኝ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ስለማይበላ ከዳሌ ወደ ወገብ የማጥበቡ ሥራ ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት በኋላ ገበርና ማሰሪያ ይሠራ። ሥልጠናው ደብረ ማርቆስ ላይ ከሆነም ምርጫው ያው ነው፤ ብርዱ ስለሚጠና ብቻ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ፈልጉ፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው ደቃቅ ስፌት አይሰፋም።

የእድር ቤት ለሚከራይ አንድ ነገር ይቀራል። ከአባላቱ አንድ ሰው ቢያርፍ ጠረጴዛው፣ አግዳሚውና ድንኳኑ በዚያው ሰዓት ወደ ለቅሶ ቤት ይሄዳል፤ ይህ የእድሩ መሠረት ስለሆነ ማንም ሊከራከርበት አይገባም። ስለዚህ ከሊቀ መንበሩ ጋር ስትዋዋሉ የጓዳውን ዕቃ ቤት ቁልፍ ጠይቁ፤ ለእያንዳንዱ ሰልጣኝ 1 ሜትር በ70 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቀላል ኮምፔርሳቶ አስቆርጡ፣ ጠርዙም ይላግ። ሽንሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በዚያ ሰሌዳ ላይ ተወጥሮ ይሠራ። ጠረጴዛው ከሥሩ ቢሄድም ሰሌዳው እንዳለ ተነስቶ ዕቃ ቤት ይገባል፤ አይጥና ብል እንዳያገኘው በአቡጀዲ ይሸፈን።