አዲሱን ቅጽ በቀጥታ ወይስ ከቅጽ አንድ?

ስለ መናፍስት የሚተርክ ልብ አንጠልጣይ ተከታታይ መጽሐፍ አምስተኛ ቅጽ ላይ ሲደርስ፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ክረምቱን በንባብ ለሚያሳልፍ ሰው ሁለት መንገድ አለ።

በቀጥታ መጀመር ጊዜ ይቆጥባል። 300 ገጽ ያለው አንድ ቅጽ በቀን 40 ገጽ ቢነበብ በ8 ቀን ያልቃል። አምስቱም ቅጾች ግን 38 ቀን ይፈጃሉ፤ ፍልሰታ ተይዞ እስኪፈታ ካለው ጊዜ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው።

ችግሩ ፍርሃቱ ላይ ነው። የመንፈስ ታሪክ የሚያስፈራው በሕጉ ነው። ቅጽ አንድ «መንፈሱ ካልተጠራ ደጃፍ አያልፍም» ብሎ ከደነገገ በኋላ፣ በአምስተኛው ማንም ሳይጠራው ምድጃ ዳር ተቀምጦ ቢገኝ ሕጉን የሚያውቅ አንባቢ ክው ይላል። የማያውቀው እንግዳ የመጣ ይመስለዋል። «አዲሱ ቅጽ ቀዝቃዛ ነው፣ አያስፈራም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመነጫል። ለዋሸራ የቅኔ አገር ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ ሰሙን ሳይዙ ወርቁ አይገኝም።

ከቅጽ አንድ መነሣትም ጣጣ አለው፦ መካከል ላይ ይሰለቻል፤ ምክንያቱም ደራሲው ለአዲስ አንባቢ ሲል ያለፈውን ደጋግሞ ይተርካል።

እኛ የምንመርጠው ሕጉ ያለበትን ቅጽ አንድን፣ ያለፈውን ደግሞ የሚተርከውን አራትንና አዲሱን አምስትን ነው፤ 900 ገጽ፣ 23 ቀን። ደብተር ላይ አንድ ገጽ ለመንፈሱ ሕጎች፣ አንድ ገጽ ለሞቱትና በሕይወት ላሉት ይያዝ። በተለይ የትርጉም ሥራ ከሆነ ሕጎቹን መጻፍ የግድ ነው፤ ስለ ቡዳና ዛር እየሰማ ያደገ አንባቢ የባዕዱን መንፈስ ሳያስበው በዛር ሕግ ይለካዋል፣ «ለምን ግብር አይጠይቅም?» እያለም ይደናገራል።