«ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተብላችሁ የመርፌ ፓኬጅ ከመክፈላችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖች፣ ትኩሳት አልለቀው ያለ፣ መገጣጠሚያውን የሚቆረጥመው ሰው ቤታችሁ ካለ ይህን አንብቡልኝ።

አክስቴን ኮምቦልቻ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድናት። ማታ ማታ ያተኩሳታል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ጉልበቷና ወገቧ አላስነሳ ብሏታል። ደም ሰጠች፣ ውጤቱ ወዲያው መጣ። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ «ኦ 1፡160፣ ኦኤክስ19 1፡80» ተጽፏል፤ የፊተኛው የታይፎይድ፣ የኋለኛው የታይፈስ ምርመራ ውጤት ነው። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ሁለቱም አለባት» ብሎ ሴፍትሪያክሶን የሚባል የአንቲባዮቲክ መርፌ አዘዘ። ጉልበቷን በእጁ እንኳ አልነካም። የመርፌው ሙሉ ሂሳብ በቅድሚያ ነው፣ ቢቋረጥ አይመለስም። አልቆ ትኩሳቱ ሲያገረሽ ደግሞ «ድገሙት» ተባልን፣ ያውም በአዲስ ክፍያ!

ያ የታይፎይድ ምርመራ ዊዳል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. ከ1896 ጀምሮ ያለ ነው። የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት ያመረተውን ፀረ እንግዳ አካል ነው። ድሮ ታሞ ለዳነም፣ ሌላ ትኩሳት ለያዘውም «ፖዘቲቭ» ሊል ይችላል። የታይፈሱም ከዚያ አይሻልም። ታይፎይድ የለም አላልኩም፤ ግን አስተማማኙ የደም ካልቸር (ጀርሙን ከደሙ አብቅሎ ማየት) ነው፣ እሱም መድኃኒት ሳይጀመር ሲወሰድ ነው። አንቲባዮቲክ ከገባ በኋላ ጀርሙ ላይበቅል ስለሚችል ቀጣዩ ሐኪም ይቸገራል።

ደሴ ላይ ያየቻት ሐኪም ግን ከሁሉ በፊት «እማማ፣ ፍየል አለዎት? ወተቱን ያፈሉታል?» አለቻት። አክስቴ ጥሬውን ነው የምትጠጣው። የጨነገፈች ፍየሏንም በባዶ እጇ ነው ያዋለደችው። ሲመረመር ከእንስሳትና ከጥሬ ወተት ወደ ሰው የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ ሆነ። ሕክምናው ዶክሲሳይክሊን ከሌላ መድኃኒት ጋር ነው፣ 6 ሳምንት ይወሰዳል። ያ ሁሉ መርፌ ለሷ በሽታ አልነበረም። አሁን አልሐምዱሊላህ መራመድ ጀምራለች።

ልጅ ከሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ። ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ አንዱ መገጣጠሚያ ሲሻለው ሌላው ካበጠ፣ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። ልጅም ሆነ አዋቂ፣ አንድ መገጣጠሚያ ብቻ አብጦ ከጋለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዱት። ወደ ቆላ የወረደ ሰው ካለ ወባውም ይታይለት።

ጥሬ ወተት፣ የታመመ ከብት፣ የሄዳችሁበት አገር፣ ባይጠይቋችሁም ራሳችሁ ተናገሩ። የውጤት ወረቀቱንና ደረሰኙን ተቀበሉ። የፓኬጁን ብር በአንዴ አትስጡ፣ «በየቀኑ እንክፈል» በሏቸው፤ እምቢ ካሉ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።