የኤክስቦክስ የስድብ ማጣሪያ ሲፈተሽ፦ ወንፊቱ የሚያስቀረውና የሚያሾልከው

በጨዋታ ቻት ተሳድበው የታገዱ ሰዎች ሁሌም የሚያነሱት አንድ ክርክር አለ፦ "ማጣሪያ እያለ እኔ ለምን እቀጣለሁ? ስድብ ማየት ያልፈለገ ማጣሪያውን ያብራ!" የማጣሪያውን አሠራር ያየ ሰው ግን ክርክሩ ውሃ እንደማይቋጥር ይገባዋል። ማይክሮሶፍት በ2019 እ.ኤ.አ. ኤክስቦክስ በተባለው የጨዋታ መሣሪያው (ኮንሶል) ላይ ያስገባው የመልእክት ማጣሪያ የሚሠራው በገቢ መልእክት ላይ ነው። ተቀባዩ ምን ያህል ማየት እንደሚፈልግ ይመርጣል፣ መልእክቱም በመረጠው ልክ ይሸፈንለታል። ላኪው እንደ ልቡ እንዲናገር የሚፈቅድ አንድም መስመር የለውም። ስድቡ ተሸፍኖ ቢደርስም ሪፖርት ይደረጋል፣ ያስቀጣልም።

እርከኖቹ አራት ናቸው። "ፍሬንድሊ" ለልጆች የታሰበ ሲሆን አጠራጣሪውን ሁሉ ይሸፍናል። "ሚዲየም" የጨዋታ ሜዳ ፉክክርን አሳልፎ ለማዋረድና ለማጥቃት የሚውለውን ቃል ይይዛል። "ማቹር" አብዛኛውን ያሳልፍና በሰው ላይ ሲነገር ሁልጊዜ ጎጂ የሆነውን ብቻ ያስቀራል። "አንፊልተርድ" ምንም አይነካም። የተያዘው መልእክት ተሰርዞ አይጠፋም፤ በቦታው አስነዋሪ ሊሆን የሚችል መልእክት መሸፈኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል። አዋቂ ከፈለገ ገልጦ ያነበዋል፣ የልጅ አካውንት ግን መግለጥ አይችልም። ይህ አሠራር በጣም ጥሩ ነው፤ ማስረጃው ስለማይጠፋ ሪፖርት ማድረግ የፈለገ አዋቂ ምን እንደተባለ አይቶ ይወስናል።

ለማስተካከል የኤክስቦክሱን ቁልፍ ይጫኑና ከ"ፕሮፋይል ኤንድ ሲስተም" ወደ "ሴቲንግስ"፣ ከዚያ "ጄኔራል"፣ "ኦንላይን ሴፍቲ ኤንድ ፋሚሊ"፣ በመጨረሻም "መሴጅ ሴፍቲ" ይግቡ። ከጓደኞችዎ የሚመጣውንና ከሌሎች የሚመጣውን ለየብቻ መወሰን ይቻላል። ለአዋቂ የሚመከረው ለጓደኞች "ማቹር"፣ ለማያውቋቸው ሰዎች "ሚዲየም" ነው። ሁለቱንም "ፍሬንድሊ" ላይ ማድረግ ጤናማ ጨዋታንም ይሸፍናል፤ የተኩስ ጨዋታ ውስጥ "ገደልኩት"፣ "ፈነዳ" የማይባልበት ደቂቃ የለምና።

ለአማርኛ ተናጋሪ ዋናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ የእኛን ስድብ ይይዛል ወይ? በዚህ ላይ መተማመን አይገባም። አማርኛ ከኮንሶሉ የቋንቋ ምርጫዎች ውስጥ የለም። ቢኖርም እንኳ በቃላት ዝርዝር ላይ የቆመ ማጣሪያ አማርኛን ለመያዝ የሚቸገርባቸው በቂ ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው ፊደላችን ነው። "ፀሐይ"ን ውሰዱ። መጀመሪያው ፀ ወይም ጸ ሊሆን ይችላል፤ መካከሉ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል። በአጠቃላይ 12 ዓይነት አጻጻፍ ሆነ፣ ሁሉም በንባብ አንድ ነው። ስድብም እንዲሁ ነው፤ ዝርዝሩ አንዱን ቢይዝ አሥራ አንዱ ያመልጣል። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፦ ከማመሳከር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ሁሉ ወደ አንድ መልክ መመለስ። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ፕሮግራም አዘጋጅ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሰዋስው ነው። በአማርኛ ግስ ባለቤቱም ተሳቢውም አሉታውም በአንድ ቃል ይታሰራሉ፦ ሰደበኝ፣ ሰደብከኝ፣ አልሰደብኩህም፣ ሊሰድቡን። ከአንድ ሥር ብዙ መቶ ቃል ይወጣል። ሥሩን የማይለይ ማጣሪያ እያንዳንዱን እየቆጠረ አይዘልቀውም።

ሦስተኛው ደግሞ ብዙዎቹ ተጫዋቾች በላቲን ፊደል መጻፋቸው ነው። ቀ በሁለት ዓይነት ሆሄ ይጻፋል፣ ጨ እና ቸ ይምታታሉ፣ ሳድስ አንዳንዴ ይጻፋል አንዳንዴ ይዋጣል። እዚህ ላይ ችግሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይመጣል። በሽታ፣ ሽታ፣ ሽቶ የሚሉት ንጹሕ ቃላት በላቲን ሲጻፉ አንድ የታወቀ የእንግሊዝኛ ስድብ በሆዳቸው ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ማጣሪያው ሙሉ ቃል የሚያመሳክር ከሆነ በሰላም ያልፋሉ፤ የቃል ቁራጭ የሚፈልግ ከሆነ ግን ሽቶ የሸጠውም በሽታ የያዘውም ይታፈናል። ለእንግሊዞቹም አዲስ ነገር አይደለም፦ በ1996 እ.ኤ.አ. የስከንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎች በከተማቸው ስም ውስጥ በተደበቁ ጥቂት ፊደላት ምክንያት ኤኦኤል በተባለው የኢንተርኔት አገልግሎት መመዝገብ አቅቷቸው ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ነውር ቃል የሌለበት ስድብ ነው። "አህያ" የሚለውን ቃል መዝጋት አይቻልም፤ ማይንክራፍት ውስጥ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አህያ አለ፣ "አህያዬ ጠፋችብኝ" የሚል ልጅ ምንም አላጠፋም። "አንተ አህያ" ሲባል ግን ስድብ ነው። ወንዱን ሆን ብሎ "አንቺ" ብሎ መጥራትስ? ለማዋረድ የተባለ መሆኑን አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ወዲያው ይሰማዋል፣ ቃሉ ግን ከተውላጠ ስም በቀር ምንም አይደለም። ይህን የሚይዝ የቃላት ወንፊት የለም፤ የሚይዘው ደንብና ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ነው።

የኤክስቦክስ ደንብ ፉክክርን አይከለክልም፣ ይህም ተገቢ ነው። ፉከራ ሌላ፣ ስድብ ሌላ ነው። "ዛሬ ሜዳው የኔ ነው፣ ተለማምደህ ተመለስ" ፉከራ ነው፤ ስለ ጨዋታው ነው። የሰውን ብሔር፣ ሃይማኖት፣ እናት ወይም ጾታ ካነሳ ግን ጨዋታው ቀርቶ ሰውየው ተነክቷል።

ቅጣቱ ከነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስትራይክ፣ ማለትም በጥፋት ነጥብ ይቆጠራል። ከፍተኛው 8 ነው፤ እያንዳንዱ ስትራይክ በመዝገብ ላይ የሚቆየው 6 ወር ነው። ተራ ብልግና 1 ስትራይክ ሲያስመዘግብ የጥላቻ ንግግር 3 ያስመዘግባል። ሁለት የደረሰ 1 ቀን፣ አራት የደረሰ 7 ቀን፣ ስምንት የሞላ ደግሞ 1 ዓመት ከመልእክት፣ ከፓርቲ ቻት (የቡድን ውይይት) እና ከብዙ ሰው ጨዋታ ይታገዳል። የገዛቸው ጨዋታዎች ግን አይወሰዱበትም። ተጫዋቹ ስንት ስትራይክ እንዳለበት ራሱ ማየትና ይግባኝ ማለት ይችላል። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የተባለው ጨዋታ በ2016 እ.ኤ.አ. ያመጣው የዝምታ ቅጣት በ24 ሰዓት ጀምሮ በየጊዜው በእጥፍ ያድጋል፤ ያም ጠንካራ ነው፣ ግን የኤክስቦክሱ ቀሪ ዕድልን በቁጥር ማሳየቱ ለወጣት ይበልጥ ያስተምራል።

ለድምፅ ስድብ በ2023 እ.ኤ.አ. የመጣው መሣሪያ ያለፉትን 60 ሰከንዶች ቀርጾ ያስቀምጣል፤ ሪፖርት ለማድረግ ኮንሶሉ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ የሚቆይበት 24 ሰዓት አለ፣ ካልተላከ ይጠፋል። ቅጂውን ማውረድም ለሌላ ማጋራትም አይቻልም። ሙከራው የተጀመረው እንግሊዝኛ በሚነገርባቸው አገሮች ነበር።

ጽሑፍ በሚሆንበት ጊዜ የጋራ ስህተቱ ሰውየውን ወዲያው ብሎክ አድርጎ መሄድ ነው። መጀመሪያ ውይይቱን ከፍተው ራሱን መልእክቱን መርጠው ሪፖርት ያድርጉ፣ ብሎኩ ከዚያ ይከተላል። ስድቡ በአማርኛ ከሆነ በማብራሪያው ቦታ ላይ ቃል በቃል ትርጉሙን፣ ቀጥሎም ለምን እንደሚያዋርድ በአንድ ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ለመልሶ ስድብ አይቸኩሉ፤ ሪፖርቱን የሚያየው ሰው የሁለታችሁንም ቃል ያያል።

ለእንግሊዝኛ ቻት ይህ አገልግሎት ከ5 ነጥብ 4 ይገባዋል፣ ለአማርኛ ከ2 አይበልጥም። ልጅ ያለው ቤተሰብ በማጣሪያው ብቻ አይርካ። በልጁ አካውንት መልእክትና ድምፅ የሚፈቀድለትን "ፍሬንድስ" ላይ ብቻ ያድርጉ፤ የጓደኛ ዝርዝሩንም ከልጁ ጋር አብረው ይዩ፣ በተለይ በአማርኛ የሚጽፉለትን እነማን እንደሆኑ።